የወይን ገበሬው ልጅ እና የትራክተሩ ፍሪሲዮን

በከተሞቻችን ጋራዦች ደጃፍ ሲያልፉ ጆሮ የሚለምዳቸው ቃላት አሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኮቻችን ቃላቱን ከነሙያቸው ተቀብለው የራሳቸው አድርገዋቸዋል። የዛሬው ባለታሪካችን በእነዚሁ ቃላት መካከል ያደገ፣ ከወይን ማሳ ተነሥቶ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት የስፖርት መኪናዎች አንዱን ለማምረት የበቃ የገበሬ ልጅ ነው። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ይባላል። ብዙ ወጣት ስሙን በመኪናው ያውቀዋል፤ ይህ ስም ከመኪና በፊት በትራክተር ላይ ይጻፍ እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፌሩቾ ኤፕሪል 28 ቀን 1916 በሰሜን ጣሊያን፣ በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል፣ ከቼንቶ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሬናዞ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ አንቶኒዮ እና እናቱ ኤቬሊና ወይን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ፣ አፈሩም ለም ነው። ልጁ ግን ከወይኑ ሐረግ ይልቅ ልቡ ያደላው ወደ እርሻ መሣሪያዎቹ ነበር። ለምን እንደሚሠሩ፣ ሲሰበሩም ለምን እንደተሰበሩ ማወቅ ይሻ ነበር። ቤተሰቡም ዝንባሌውን አይቶ በቦሎኛ አቅራቢያ ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ላከው። በዚያም የመካኒክነትን ሙያ ተማረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ጣሊያን አገራችንን ወርሮ በነበረው በፋሺስቱ መንግሥት እጅ ነበረች። ፌሩቾ በ1940 ለአየር ኃይሉ ተመልምሎ ሮድስ ወደተባለችው የሜዲትራንያን ደሴት ተላከ። ሥራው ተሽከርካሪዎችን መጠገን ነበር። ደሴቲቱ በባሕር የተከበበች፣ የጦርነቱ ዘመንም የችጋር ዘመን በመሆኑ አዲስ መለዋወጫ ማግኘት ብርቅ ነበር። አንዱ መኪና ሲሞት ሌላውን ለማዳን ይፈታል፤ ለአንዱ የተሠራው ዕቃ ተሞርዶና ተስተካክሎ ለሌላው ይገጠማል። ወጣቱ መካኒክ በትምህርት ቤት ያላገኘውን ዕውቀት በዚህ ሥራ ቀሰመ። አንድ ዕቃ ዋጋው በላዩ ከተጻፈው ስም ሳይሆን ከሚሠራው ሥራ እንደሚለካ የተረዳው በዚያ ይመስላል። በ1945 ደሴቲቱ በእንግሊዞች እጅ ስትገባ ተማረከ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1946 ነው።

ቤቱ ሲደርስ የጠበቀው ደስታ ብዙ አልቆየም። ክሌሊያ ሞንቲን አገባ፤ እርሷም በ1947 ወንድ ልጃቸውን ቶኒኖን ወልዳ በዚያው በወሊድ ምክንያት አረፈች። ፌሩቾ በአንድ ጊዜ አባትም የሙት ሚስት ባልም ሆነ። በዚያው ዘመን ትንሽ ጋራዥ ከፍቶ መኪና ይጠግን ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ጊዜ ግን ለአንዲት ትንሽ መኪና ሰጣት።

መኪናዋ ፊያት 500 ናት፤ ጣሊያኖች ቶፖሊኖ፣ ማለትም ትንሿ አይጥ ይሏታል። ከፋብሪካ ስትወጣ የሞተሯ ይዘት 569 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቷም ወደ 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ቤተሰብ ለመሸኘት እንጂ ለእሽቅድምድም የተሠራች አልነበረችም። በጦርነቱ ማግስት ግን የስፖርት መኪና መግዛት የማይችለው የጣሊያን ወጣት ሁሉ በቶፖሊኖ ላይ እጁን ይፈትን ነበር። ፌሩቾም ጣሪያዋን አንሥቶ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ክፍት መኪና አደረጋት፤ የሞተሩንም ይዘት ወደ 750 ሴንቲ ሜትር ኩብ አሳደገው።

የዚህ ሥራ ምሥጢር ለማንም ገበሬ የሚከብድ አይደለም። ሞተር የሚበላው አየርና ነዳጅ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ በአንድ ጊዜ የሚውጠው ይበዛል፤ ካርቡራተሩ የሚያስገባው፣ ማርሚታው የሚያስወጣው በዚያው ልክ ካልሰፋ ግን ጥቅም የለውም። በጠባብ ቦይ ብዙ ውኃ አይጓዝምና። ጉልበት ሲጨምር ደግሞ ሙቀት አብሮ ይጨምራል፤ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ሁሉ ከተሠሩበት በላይ ሸክም ይወድቅባቸዋል። በአንድ በኩል ያበጀ ሰው በሌላው በኩል እንዳይሰበርበት ሁሉንም አመዛዝኖ ማየት አለበት። መኪና ማሻሻል ዕቃ ከመቀየር ይልቅ ሚዛን የመጠበቅ ሥራ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በ1948 ፌሩቾ ያችን መኪና ይዞ ሚሌ ሚሊያ በተባለው ዝነኛ ውድድር ተሰለፈ። ውድድሩ በተዘጋ ሜዳ ሳይሆን በተራው ሕዝብ መንገድ፣ ከብሬሻ ተነሥቶ ሮምን ዞሮ የሚመለስ፣ ከአንድ ሺህ ማይል የሚበልጥ ጉዞ ነው። ትንሿ መኪና ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች። ከዚያ በኋላ በቶሪኖ አካባቢ ከመንገድ ወጥታ ከአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ጋር ተጋጨች። ፌሩቾ በሕይወት ተረፈ። ሚስቱን ከቀበረ ብዙም ያልቆየው፣ በቤቱ የአንድ ዓመት ጨቅላ የሚጠብቀው ይህ አባት ከዚያ ቀን በኋላ ለእሽቅድምድም የነበረው ፍቅር ቀዘቀዘ። ኋላ የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ሲሆንም ፋብሪካው በውድድር እንዲሰለፍ አልፈቀደም።

እንጀራውን ያወጣለት ሌላው ሥራው ነው። ጦርነቱ ያደቀቃት ጣሊያን ምግብ ያስፈልጋት ነበር፤ ገበሬው ግን ትራክተር መግዛት አይችልም። በሌላ በኩል ጦር ሠራዊቶቹ ጥለዋቸው የሄዱ ተሽከርካሪዎችና ሞተሮች በየቦታው ተከምረው ነበር። ፌሩቾ እነዚህን በርካሽ እየገዛ፣ እየፈታና እየገጣጠመ ትራክተር ይሠራ ጀመር። በ1948 ያወጣው ካሪዮካ የተባለው ትራክተር ስድስት ሲሊንደር ያለው የእንግሊዙ ሞሪስ ሞተር የተገጠመለት ነበር። ሞተሩ የሚሠራው በቤንዚን ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ለገበሬ ውድ ነው። ስለዚህ ፌሩቾ ነዳጅን በሙቀት ወደ ትነት የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ። ሞተሩ በቤንዚን ይነሣል፤ ከሞቀ በኋላ በርካሹ ነዳጅ ይቀጥላል። ለቶፖሊኖዋ የዋለው ያው ጥበብ እዚህ ላይ ለሌላ ዓላማ ዋለ። በመኪናዋ ፍጥነት ፈልጎበት ነበር፤ በትራክተሩ የገበሬውን ወጪ ቀነሰበት።

ሥራው አደገ። በ1951 ኤል 33 የተባለውን፣ ከሞሪስ ሞተሩ በቀር ሌላው ሁሉ በራሱ የተሠራውን ትራክተር አወጣ። ቀጥሎም ወደ ናፍጣ ሞተር ተሸጋገረ። በሃምሳዎቹ መጨረሻ የላምቦርጊኒ ፋብሪካ ከጣሊያን ታላላቅ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ጎን የሚቆም ሆነ። በስድሳዎቹ መግቢያ ደግሞ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚያመርት ኩባንያ ጨመረ። የገበሬው ልጅ ባለጠጋ ሆነ፤ የባለጠጎችንም መኪና ይገዛ ጀመር። ከእነዚህም መካከል የጎረቤቱ የኤንዞ ፌራሪ መኪና ትገኝበታለች።

ፌራሪ የሚሠራባት ማራኔሎ ከፌሩቾ አገር ሩቅ አይደለችም። ፌሩቾ በ1958 ፌራሪ 250 ጂቲ ገዛ። መኪናዋን ወደዳት፤ ፍሪሲዮኗ ግን አስቸገረው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ክፍል ነው። ሲንሸራተት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው ጉልበቱን አያገኝም። ፌሩቾ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንደተረከው፣ መኪናዋን ለጥገና ቢመላልስም ችግሩ አልለቀቀውም። በመጨረሻ በራሱ የትራክተር ፋብሪካ ውስጥ አስፈታት። ወጥቶ የታየው ፍሪሲዮን እርሱ በትራክተሮቹ ላይ ከሚገጥመው ጋር ተመሳሳይ ነበር፤ የተጠየቀበት ዋጋ ግን ብዙ እጥፍ። የተሻለና የጠነከረ ፍሪሲዮን ከራሱ መጋዘን አውጥቶ ገጠመላት፤ መኪናዋም ዳነች።

በግብርና ኮሌጅ ትራክተር የተማረ ሁሉ ይህ ለምን እንደሠራ ይገባዋል። የትራክተር ፍሪሲዮን ማረሻ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ሙሉ ሸክም ይዞ እንዲነሣ ተደርጎ የሚሠራ ነው። ከቅንጦት ይልቅ ትዕግሥት ይጠየቅበታል።

ፌሩቾ ይህን ለኤንዞ ፌራሪ ሊነግረው ሄደ። የተቀበለው ግን ንቀትን ነበር፤ ጥፋቱ የመኪናዋ ሳይሆን ትራክተር እንጂ ፌራሪ መንዳት የማይችለው የነጂው እንደሆነ ተነገረው ይላል ትረካው። የትራክተር ሰው መባል ለፌሩቾ ስድብ አልነበረም፤ ሀብቱም ክብሩም ከዚያ የመጣ ነው። ያንገበገበው ትራክተር የሚሠራ እጅ ስለ መኪና ሊናገር አይችልም መባሉ ነው። ከቁጣው ጎን ለጎን ደግሞ የነጋዴ ሒሳብ ነበረው። ያንኑ ዕቃ በትራክተር ላይ በትንሽ ትርፍ የሚሸጥ ሰው በስፖርት መኪና ላይ ምን ያህል ሊያተርፍ እንደሚችል አሰላ።

በ1963 ከቦሎኛ ብዙም በማትርቀው ሳንት አጋታ ቦሎኜዜ የመኪና ፋብሪካውን አቋቋመ። ሞተሩን እንዲነድፍለት ቀድሞ የፌራሪ መሐንዲስ የነበረውን ጆቶ ቢዛሪኒን ቀጠረ። ቢዛሪኒ 12 ሲሊንደርና 3.5 ሊትር ይዘት ያለው፣ ወደ 360 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ሠራ። ለውድድር የተወለደ ሞተር ነበር። እዚህ ላይ የፌሩቾ ገበሬነት ታየ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ቁጥር ይኩራራ ነበር፤ እርሱ ግን ሞተሩ እንዲለዝብ አዘዘ። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ጃን ፓኦሎ ዳላራ እና ፓኦሎ ስታንዛኒ ካርቡራተሮቹን ለውጠው ጉልበቱን ወደ 280 አካባቢ ዝቅ አደረጉት። ገዢው ቶሎ ወደ ጋራዥ የሚመለስበት ፈጣን መኪና ሳይሆን ብዙ ዘመን የሚያገለግል መኪና ነበር የተፈለገው። በቶፖሊኖዋ ጉልበት መጨመርን የተማረ ሰው በዚህ ሞተር መቀነስንም እንደሚያውቅ አሳየ። በ1964 ለገበያ የቀረበው 350 ጂቲ ከዚህ የተወለደ ነው።

የመኪናው ምልክት ኮርማ ሆነ። ፌሩቾ የተወለደበት ኮከብ ሠውር ነው፤ በስፔን ሴቪያ አካባቢም ዝነኞቹን የሚዩራ ኮርማዎች የሚያረቡትን ሰዎች ጎብኝቶ ተደንቆ ነበር። በ1966 በጄኔቫ ትርኢት የቀረበችው መኪና ስሟን ከእነዚያ ከብቶች ወሰደች፤ ሚዩራ ተባለች። ሞተሯ ከነጂው ጀርባ በአግድም የተቀመጠ፣ ቅርጿም በቤርቶኔ ኩባንያ በማርቼሎ ጋንዲኒ የተነደፈ ነበር። ፌሩቾ ለማስታወቂያ ያህል ጥቂት ትሸጣለች ብሎ ነበር፤ ከ700 በላይ ተመረተች።

ደጉ ዘመን ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። በስድሳዎቹ መጨረሻ የጣሊያን ፋብሪካዎች በሥራ ማቆም አድማ ተናጡ። ቀጥሎም ከደቡብ አሜሪካዋ ቦሊቪያ የመጣ ትልቅ የትራክተር ትእዛዝ ከመፈንቅለ መንግሥት በኋላ ተሰረዘ። ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰበት ምርት ገዢ አጣ። መኪናው ዝና ቢያመጣም ቤቱን ያቆመው ምሰሶ ትራክተሩ ነበርና፣ ምሰሶው ሲነቃነቅ ሁሉም ተነቃነቀ። ፌሩቾ የትራክተር ፋብሪካውን ሳሜ ለተባለው ሌላ የጣሊያን ትራክተር አምራች ሸጠ። በ1972 የመኪና ፋብሪካውን 51 በመቶ ድርሻ ለስዊሱ ባለሀብት ጆርጅ ሄንሪ ሮሴቲ፣ በ1974 ደግሞ የቀረውን 49 በመቶ ለሬኔ ላይመር አስረከበ። ስሙ በመኪናዎቹ ላይ ቀረ፤ እርሱ ግን ባዕድ ሆነ።

ከዚያስ ወዴት ሄደ? ወደ መሬት። በማዕከላዊ ጣሊያን፣ በኡምብሪያ ክልል፣ ትራዚሜኖ ከተባለው ሐይቅ አጠገብ ወደ 300 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይዞ ላ ፊዮሪታ ብሎ ሰየመው። በዚያም የወላጆቹን ሥራ፣ ወይንን፣ አለማ። የሚጠምቀውን ቀይ ወይንም የሚዩራ ደም ብሎ ጠራው። በወጣትነቱ ከወይን ሐረግ ሸሽቶ ወደ ሞተር የገባው ልጅ፣ በእርጅናው ከሞተር ወጥቶ ወደ ወይን ሐረግ ተመለሰ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1993፣ ማለትም በእኛ የካቲት 13 ቀን 1985 ዓ.ም፣ በ76 ዓመቱ በፔሩጃ ከተማ አረፈ።

ዛሬ የላምቦርጊኒ ስም በሁለት ዓይነት መሣሪያ ላይ ይገኛል። አንዱ በከተማ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ሰው ቆሞ የሚያየው መኪና ነው፤ ሌላው ማሳ ውስጥ አፈር የሚገለብጥ ትራክተር። ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ናቸው፤ ሥራቸውም አይገናኝም። ሁለቱም ግን ከአንድ ጋራዥ፣ ከአንድ ሰው እጅ የመጡ ናቸው።

በየከተማችን መኪናውንና ሞተር ብስክሌቱን ለማፍጠን ዕቃ የሚቀያይር ወጣት አለ፤ በየገጠሩም የወፍጮውንና የውኃ መሳቢያውን ሞተር ባገኘው ዕቃ ጠጋግኖ የሚያኖር አለ። ከፌሩቾ ሕይወት ሁለቱም የሚወስዱት ቁም ነገር አያጡም። ፍጥነት የጨመረ ፍሬኑንም ማጠንከር አለበት፤ ያ ግድግዳ ለፌሩቾ በምሕረት አለፈው እንጂ ለሁሉም አያልፍም። ዕቃ የሚገዛም ከማሸጊያው ስም በፊት ዕቃውን ራሱን ይመርምር። ማንም ቢሆን ደግሞ ከትራክተር ጋር የዋለን እጅ አይናቅ።