ኦገስት ዲቮራክና የፊደል ገበታቸው፦ ከምርምር ወደ ማስታወቂያ

ኦገስት ዲቮራክ እ.ኤ.አ. በ1894 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ግሌንኮ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በሙያቸው የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆኑ፣ በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በመምህርነትና በተመራማሪነት አገልግለዋል። ስማቸው በይበልጥ የሚነሳው ለእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ባዘጋጁት የፊደል አደራደር ነው። የሕይወት ታሪካቸው፣ የአንድ ፈጠራ ባለቤት፣ መዛኝና አስተዋዋቂ አንድ ሰው ሲሆን ፈጠራው ምን እንደሚገጥመው ለመመርመር ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል።

የምርምሩ መነሻ የተማሪ ሥራ ነበር። ጌርትሩድ ፎርድ በጽሕፈት መኪና ስሕተቶች ላይ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ስታዘጋጅ አማካሪዋ ዲቮራክ ነበሩ። ከዚህ ሥራ በመነሣትም የስሕተቶቹ አንዱ ምንጭ ራሱ ገበታው ነው ወደሚል እምነት ደረሱ። ክሪስቶፈር ሾልስ ነድፎት በሬሚንግተን ኩባንያ አማካይነት ከ1874 ጀምሮ ለገበያ የዋለው፣ በላይኛው ረድፍ የመጀመሪያ ፊደላት ኩዌርቲ ተብሎ የሚጠራው ገበታ፣ በእንግሊዝኛ አዘውትረው የሚመጡትን ፊደላት በየረድፉ በትኖ ያስቀምጣል። ዲቮራክ ከአማቻቸው ከዊሊያም ዲሊ ጋር በመሆን የፊደላትን ድግግሞሽና የጣቶችን እንቅስቃሴ ለዓመታት አጠኑ። በ1932 የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ፤ ፓተንቱ በ1936 ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ጽሕፈት መኪና አጠቃቀም ሥነ ልቦና መጽሐፍ አሳተሙ።

አዲሱ ገበታ ኤ፣ ኦ፣ ኢ፣ ዩ እና አይ የተባሉትን አናባቢዎች በመካከለኛው ረድፍ በግራ እጅ በኩል፣ ዲ፣ ኤች፣ ቲ፣ ኤን እና ኤስን ደግሞ በዚያው ረድፍ በቀኝ እጅ በኩል ያሰፍራል። በዚህም ሁለቱ እጆች እየተፈራረቁ ይሠራሉ። 70 በመቶ ያህሉ ምት በመካከለኛው ረድፍ ላይ ያርፋል፤ በኩዌርቲ ግን ይህ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ማንኛውም ሰው አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ወስዶ ሊቆጥረው ይችላል። ችግሩ የጣት ጉዞ መቀነስ በዚያው ልክ ፍጥነትን ይጨምራል ከሚለው ድምዳሜ ይጀምራል። የሠለጠነ ታይፒስት አንዱ ጣቱ ሲመታ ሌላው ወደሚቀጥለው ቁልፍ ጉዞ ጀምሯልና፣ ከጉዞው መርዘም የሚመጣው ኪሳራ በከፊል ይካካሳል። ዛሬ ፊደላቱን በሶፍትዌር መቀያየር የሚያስችል ኪቦርድ የሚያቀርብ ሻጭ፣ የጣት ጉዞን በመቶኛ አስልቶ ፍጥነት ነው ሲል የሚደግመው ይህንኑ ዝላይ ነው።

ክርክሩን ያከረረው በ1944 በአሜሪካ ባሕር ኃይል የተካሄደው ጥናት ነበር። 14 ታይፒስቶች በአዲሱ ገበታ ሠልጥነው፣ በአማካይ ከ83 ሰዓት ልምምድ በኋላ ፍጥነታቸው በደቂቃ ከ32 ቃላት ወደ 56 ማደጉ ተገለጸ። የገበታው ደጋፊዎች ይህን አኃዝ ለአሠርት ዓመታት ሲያስተጋቡት ኖረዋል። ሆኖም በደቂቃ 32 ቃላት ለባለሙያ ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ ከዚህ የተነሣ ሰው በየትኛውም ገበታ ላይ በብርቱ ቢሠለጥን መሻሻሉ አይቀርም። በኩዌርቲ የሠለጠነው ማነጻጸሪያ ቡድን መነሻ ፍጥነት ደግሞ የተወሰደው ከበርካታ የመጀመሪያ ቀናት አማካይ ነበር። በእነዚያ ቀናት የተገኘው ለውጥ ወደ መነሻው ስለተቀላቀለ የቡድኑ ዕድገት ካለው አንሶ ታየ። ከሁሉም በላይ፣ በዚያን ጊዜ በባሕር ኃይሉ በሌተናንት ኮማንደርነት ማዕረግ በጊዜና እንቅስቃሴ ጥናት ባለሙያነት ያገለግሉ የነበሩት የፓተንቱ ባለቤት ራሳቸው ዲቮራክ ነበሩ። ይህ ሆን ብለው አሳስተዋል ለማለት አያበቃም፤ ውጤቱን ግን ያለ ገለልተኛ ማረጋገጫ መቀበልን አዳጋች ያደርገዋል።

ገለልተኛ የተባለው ፍተሻ በ1956 መጣ። ኧርል ስትሮንግ ለፌዴራሉ የአጠቃላይ አገልግሎቶች አስተዳደር ባካሄዱት ጥናት፣ አሥር ታይፒስቶች በቀን አራት ሰዓት እየተለማመዱ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ለመመለስ ከ25 ቀናት በላይ ፈጀባቸው። ቀጥሎ በነባሩ ገበታ ከሚሠለጥኑ አሥር ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩም ብልጫ አላሳዩም። መንግሥት ገበታውን የመቀየር ሐሳቡን ተወው። የዲቮራክ ደጋፊዎች ስትሮንግን በአድልዎ ከሰዋቸዋል፤ የጥናቱ ጥሬ መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች አለመድረሱም ቅሬታውን አጠናክሮታል። በእርግጥ ይህም ጥናት እንደ ባሕር ኃይሉ ሁሉ በጥቂት ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበር።

ዲቮራክ ሥራቸው ተቀባይነት በማጣቱ አዝነው በ1975 አረፉ። ገበታው በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በአማራጭነት የተመዘገበው ከዚያ በኋላ ነው። በ1984 የወጣው አፕል ሁለት ሲ ኮምፒውተርም በአንድ ቁልፍ ወደ ዲቮራክ አደራደር መለወጥ ያስችል ነበር። በ1985 የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ፣ ገበያ ደካማውን ቴክኖሎጂ ይዞ ሊቀር እንደሚችል ለማሳየት የኩዌርቲን ታሪክ በምሳሌነት አቀረቡ። በ1990 ደግሞ ስታን ሊቦዊትዝና ስቴፈን ማርጎሊስ የባሕር ኃይሉን ዘገባ ፈትሸው ማስረጃው ያን ያህል እንደማይጸና ጻፉ።

በዚህ ሁሉ ሙግት መካከል እምብዛም የማይነሣው፣ ዲቮራክ በ1960ዎቹ በአንድ እጅ ብቻ ለሚጽፉ ሰዎች ያዘጋጇቸው ሁለት ገበታዎች ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ እጅ። ሁለቱም ዛሬ በዊንዶውስ ውስጥ ከሚገኙት አማራጮች መካከል ናቸው።