ከድሆች መጠለያ የወጣው አሳቂ፦ ቻርሊ ቻፕሊን

ሰፊ ሱሪ፣ ጠባብ ኮት፣ ትልልቅ ጫማ፣ ትንሽ ባርኔጣ፣ ቀጭን ከዘራና ቁራጭ ሪዝ። ስሙን የማያውቅ እንኳ መልኩን ያውቀዋል። ቻርሊ ቻፕሊን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1889 ለንደን ውስጥ ነው። አባቱም እናቱም የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱ ግን ቤተሰቡን ትቶ ሄደ፤ በ1901 በመጠጥ ምክንያት ሞተ።

እናቱ ሐና ድምጿ ሲከዳት መድረኩን ትታ፣ ልብስ እየሰፋች ሁለት ወንዶች ልጆቿን ለማሳደግ ታገለች። አልሆነላትም። በ1896 ሦስቱም ድሆች መጠለያ ገቡ። እዚያ ቤተሰብ አብሮ አይቀመጥም፤ እናት ለብቻ፣ ልጆች ለብቻ ናቸው። ሐና ያኔ ያደረገችው ነገር ከፊልሞቹ ሁሉ በላይ ልቤን ይነካዋል። ልጆቿ ሲናፍቋት፣ መጠለያውን ለቀን እንወጣለን ብላ አስመዘገበችና ይዛቸው ወጣች። ትልቁ ልጅ ሲድኒ በመሐረብ የቋጠራት ዘጠኝ ፔኒ ነበረችው። በእሷ ቼሪ ገዝተው መናፈሻ ውስጥ ሲጫወቱ ዋሉ። ሲመሽ ተመልሰው እንደ አዲስ ገቢ ተመዘገቡ።

ኋላ ሐና የአእምሮ ሕመም ያዛት። ሐኪም ቤት ያደረሳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ነበር።

ከአንድ የቀልድ ቡድን ጋር እየዞረ አሜሪካ ደረሰ። በ1913 መጨረሻ ኪስቶን የተባለው የፊልም ድርጅት በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በ1914 ያ ባለከዘራ መንገደኛ ተወለደ። በ1916 ደመወዙ በሳምንት 10,000 ዶላር ሆነ፤ ገና 26 ዓመቱ ነበር! ፊልሙ ድምፅ ስላልነበረው የየትኛውም አገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይስቅ ነበር። ራሱ ይጽፋል፣ ይተውናል፣ ያዘጋጃል፤ አንዷን ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ያስቀረጸበት ጊዜም አለ።

በ1917 በሠራው «ስደተኛው» ፊልም፣ በመርከብ የመጡት ሰዎች የነጻነትን ሐውልት ገና እንዳዩ ሹሞች መጥተው በገመድ ያግዷቸዋል። በ1921 «ልጁ»ን ሠራ፤ በዚያ ፊልም ሹሞች አንድን ሕፃን ከአሳዳጊው እጅ ነጥቀው ይወስዱታል። ይህን ከየት እንዳመጣው መገመት አይከብድም። በዚያው ዓመት ከወንድሙ ጋር እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጡ። ሐና በ1928 እስክታርፍ ድረስ አስታማሚ ተቀጥሮላት፣ ልጆቿ አጠገብ ኖረች።

አራት ጊዜ አግብቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ ሲያገቡት 16 ዓመታቸው ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል።

አሜሪካ 40 ዓመት ያህል ቢኖርም ዜግነት አልወሰደም። በ1952 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ለንደን ሲጓዝ፣ መርከቡ ገና ባሕር ላይ እያለ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘ። የኮሚኒስቶች ደጋፊ ነው ተብሎ ሲከሰስ ቆይቶ ነበር። ቤቱም ገንዘቡም እዚያው ቀርቶ ነበርና፣ ባለቤቱ ኡና ተመልሳ ሄዳ ሀብቱን አወጣች። ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኖሩ። አሜሪካን እንደገና የረገጠው በ1972 የኦስካር ሽልማት ሊቀበል ሲሄድ ነው፤ አዳራሹ ለ12 ደቂቃ ቆሞ አጨበጨበለት።

በ1977 በፈረንጆች ገና ዕለት አረፈ። ከወራት በኋላ ሌቦች አስከሬኑን ከነሣጥኑ ሰርቀው ገንዘብ ጠየቁ። ኡና አልከፍልም አለች። ሣጥኑ በቆሎ ማሳ ውስጥ ተገኘ፤ ዳግመኛ ሲቀበር መቃብሩ በኮንክሪት ተደፈነ።