ሻርሎት ብሮንቴና የጻፈቻቸው ወንዶች

በአንድ የክርክር ምሽት አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ ሴት ደራሲ ሴትን እንጂ ወንድን አሟልታ ልትጽፍ አትችልም፤ ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚነጋገሩትን ሰምታ አታውቅምና ሲል ተናገረ። ብዙም ተጨበጨበለት። እኛ ያን ዕለት ተራው ስላልደረሰን አፋችንን ይዘን ወጣን፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ የአንዲት ሴት ደራሲ ሕይወት እንተርካለን፤ ፍርዱን አንባቢ ይስጥ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምንጽፍ መሆናችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሻርሎት ብሮንቴ በእንግሊዝ አገር፥ በዮርክሻየር ግዛት፥ ቶርንተን በምትባል መንደር በኤፕሪል 21 ቀን 1816 ተወለደች። አባቷ ቄስ ፓትሪክ ብሮንቴ ከአየርላንድ የድኻ ገበሬ ልጅ ሲሆኑ፥ በራሳቸው ጥረት ተምረው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እስከ መግባት የደረሱ ሰው ነበሩ። በዚያ ሲማሩ ገንዘብ አጥሯቸው በተቸገሩ ጊዜ፥ ሄንሪ ማርቲን የሚባል ወዳጃቸው ስለ እርሳቸው ለባለጸጎች ጽፎ ርዳታ አስገኘላቸው። ይህ ማርቲን ኋላ ወደ ህንድ ሄዶ ወንጌል ሲሰብክ ጤናውን አጥቶ በወጣትነቱ ሞተ። አንባቢ ስሙን ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

በ1820 ቤተሰቡ ሃዎርዝ ወደምትባል የደጋ መንደር ተዛወረ። እኛ የአምባራስ ልጆች ነን፤ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው አገራችንን ያውቃታል። ስለ ሃዎርዝ ስናነብ እንግድነት አልተሰማንም። ነፋሱ፥ ጭጋጉ፥ ዛፍ የሌለበት ሜዳ፥ በድንጋይ የተከበበው ማሳ፥ ሁሉም የምናውቀው ነው። እንግሊዞቹ በዚያ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን ቁጥቋጦ ሲያወድሱ ቆይተው፥ ኋላ የእኛው የአስታ ዘመድ ሆኖ አገኘነው። ጅብራ ብቻ ነው የጎደላቸው።

እናቷ በ1821 ስትሞት ሻርሎት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በ1824 አባቷ አራት ሴቶች ልጆቻቸውን ለቀሳውስት ልጆች ወደ ተከፈተ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩ። ምግቡ መጥፎ፥ ብርዱ ጽኑ ነበር። በ1825 ታላላቆቿ ማሪያና ኤሊዛቤት በሳንባ ነቀርሳ ታመው ወደ ቤት ተመለሱ፤ አንዷ በ11፥ ሌላይቱ በ10 ዓመቷ ሞቱ። ሻርሎት ያንን ቤት ከ20 ዓመት በኋላ ጄን ኤይር በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ ሎውድ ብላ አቆመችው፤ የማሪያንም መልክ ለሄለን በርንስ ሰጠቻት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር እዚህ ላይ አለ። ጄን ሄለንን መጀመሪያ ስታያት ልጅቱ የምታነበው መጽሐፍ ራስላስ ነው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው፥ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ የመለሰው። ጄን ገለጥ አድርጋ አይታው መናፍስትና ተረት ስለሌለበት አልጣማትም። እኛም በበኩላችን የጄንን ፍርድ ለመቃወም አንቸኩልም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ክርክር እንምጣ። በ1826 ቄስ ፓትሪክ ለአንድ ወንድ ልጃቸው ለብራንዌል 12 የእንጨት ወታደሮች ገዝተው አመጡ። ልጆቹ ተሻሙባቸው፤ የዐሥር ዓመቷ ሻርሎት አንዱን አንሥታ የዌሊንግተን መስፍን አለችው፤ ናፖሌዎንን ያሸነፈው ጄኔራል ማለት ነው። በእነዚህ ወታደሮች አማካይነት አራቱ ልጆች በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ መንግሥት አቆሙ፤ ከተማ ሠሩ፥ ጦርነት ዐወጁ፥ በመዳፍ ውስጥ በሚጠፉ ጥቃቅን ደብተሮች ታሪኩን ጻፉ። (ባለ አገሮቹን አፍሪካውያን አላማከሩም፤ ይህ የዘመኑ ሁሉ ጠባይ ነው።) ሻርሎት ይህን ጨዋታ እስከ 23 ዓመቷ ድረስ አልተወችም። የምትተርከውም በአብዛኛው በወንድ አፍ ነበር፤ አንዴ የመስፍኑ ታናሽ ልጅ ሆና፥ አንዴ ሌላ ሥራ ፈት ጎረምሳ ሆና። የወንዶችን ፉክክር፥ ስካር፥ ክሕደት፥ ጉራ ጻፈች። ከዐሥር ዓመት በላይ የወንድ ካባ ለብሳ የኖረችን ሴት ወንድ አታውቅም ማለት እንዴት ይሆናል? እኛ ወንዶቹስ በልጅነታችን ስንቶቻችን በሴት አፍ አንድ ገጽ ጽፈናል?

በ1837 የዘመኑ ዕውቅ ባለቅኔ ሮበርት ሳውዚ፥ ግጥሟን ልካ ምክር ብትጠይቀው፥ ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የኑሮ ሥራ ሊሆን እንደማይችል በትሕትና ጻፈላት። ደብዳቤውን ጠብቃ አስቀመጠችው፤ መጻፏን ግን አልተወችም። በ1839 ሁለት ረዳት ቄሶች ተራ በተራ ለጋብቻ ጠየቋት። አንደኛው የወዳጇ ወንድም ሄንሪ ነሲ ሲሆን፥ ሚስት የፈለገው ለደብሩ ሥራ ረዳት እንድትሆነው ነበር። ሁለቱንም አልፈልግም አለች። ገንዘብ የሌላት፥ መልኳም ያልጎላ የ22 ዓመት ልጅ በዚያ ዘመን ይህን ማድረጓ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ጥቂት ጊዜ ተንገላታች።

በ1842 ከእኅቷ ከኤሚሊ ጋር ፈረንሳይኛ ልትማር ወደ ብረስልስ ሄደች። በዚያ ኮንስታንታን ኤዤ የተባለ ቁጡ፥ ዐዋቂ፥ ባለ ትዳር መምህር አገኘች። ጽሑፏን ያርምላት ነበር፤ ትርፍ ቃል ሲያይ ይሰርዛል፥ ሲበሳጭ ይጮኻል፥ ወዲያው ደግሞ መጽሐፍ ያውሳታል። ሻርሎት ወደደችው። በ1844 ወደ ሃዎርዝ ተመልሳ የጻፈችለትን ደብዳቤዎች ኤዤ ቀዶ ጣላቸው፤ ሚስቱ ከወረቀት መጣያው አንሥታ በመርፌና በክር ሰፍታ አስቀመጠቻቸው። ልጆቻቸው በ1913 ለእንግሊዝ ሙዚየም ሰጧቸው። መልስ እየጠበቀች መልስ ያጣች ሴት ምን ያህል ስለ ወንድ ዝምታ እንደምታስብ፥ ደብዳቤ ጽፎ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያው ጊዜ ብራንዌል፥ የቤቱ ተስፋ የነበረው ወንድም፥ በመጠጥና በኦፒየም ይጠፋ ነበር፤ አባቷም ዓይናቸው ታውሮ ነበር። በኦገስት 1846 ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወደ ማንቸስተር ወሰደቻቸው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው ታስሮ ሲተኙ፥ እርሷ በአጠገባቸው ሆና ጄን ኤይርን መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ በኦክቶበር 1847 ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ታተመ። ለንደን ሁሉ ጸሐፊው ወንድ ነው ሴት ናት እያለ ተከራከረ። አንዲት ሐያሲም ይህን የጻፈች ሴት ከሆነች ከሴቶች ማኅበር የተወገደች መሆን አለባት እስከ ማለት ደረሰች።

ታሪኩን ላላነበበ ባጭሩ እንንገር። ጄን የሙት ልጅ ናት፤ ሮቸስተር በሚባል ጌታ ቤት አስተማሪ ሆና ትገባለች፤ ይዋደዳሉ። በሠርጉ ቀን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰውዬው ሚስት እንዳለው፥ ያችም ሚስት አብዳ በዚያው ቤት ላይኛ ፎቅ ተዘግታባት እንደምትኖር ይታወቃል። ጄን በሌሊት ጠፍታ ትሄዳለች።

ሮቸስተር መልከ መልካም አይደለም። ይዋሻል፥ ያዛል፥ ልጅቱን ለማስቀናት ሌላ ሴት ያገባ ይመስላል። የጠንቋይ አሮጊት ልብስ ለብሶ እንግዶቹን የሚያታልልበትን ምዕራፍ እኛ አናምነውም፤ ሻርሎት እዚያ ላይ ወደ እንጨት ወታደሮቿ ተመልሳለች ብለን እናስባለን። ነገር ግን ሰውዬው ሕያው ነው፤ ምክንያቱም ደራሲዋ ስትወደው ጥፋቱን አልደበቀችለትም። አባቱና ወንድሙ 30,000 ፓውንድ ለማግኘት ሲሉ ጃማይካ ልከው ያላወቃትን ሴት አጋቡት፤ እርሱም የተበደለበትን በደል አዙሮ ጄን ላይ ሊፈጽም ሲል እናየዋለን። የተበደለ ወንድ ለመበደል መብት ያገኘ የሚመስለው መሆኑን ያነበብነው ከብዙ ወንዶች ደራስያን ይልቅ ከእርሷ ነው።

በእኛ አስተያየት ግን የመጽሐፉ ታላቅ ሥራ ሴይንት ጆን ሪቨርስ ነው። ጄን ከሜዳ ላይ በረሃብ ስትወድቅ ቤቱ ያስገባት ወጣት ቄስ ነው፤ መልኩ እንደ ግሪክ ሐውልት ያማረ፥ ለድኻ የሚደክም፥ ሐሰት የማይናገር። የሚወዳትን ቆንጆ ልጅ ለስብከት ሥራ አትስማማም ብሎ ከልቡ ነቅሎ ጥሏል። ጄንን አይወዳትም፤ ግን ጠንካራ ሠራተኛ መሆኗን አይቶ ሚስት ሆና ወደ ህንድ እንድትከተለው ይጠይቃታል፤ እምቢ ስትለው እምቢታዋ በእግዚአብሔር ላይ እንደ ሆነ ይነግራታል። ጄን እንደ እኅት ልከተልህ፥ ሚስት ግን አልሆንም ትለዋለች። የሄንሪ ነሲን ጥያቄ እዚህ እናገኘዋለን፤ የሄንሪ ማርቲንንም ጥላ ብዙዎች ያዩበታል። ክፉ ሰው መጻፍ ቀላል ነው፤ ደግ ሰው በደግነቱ ሌላውን ሲገድል ማሳየት ግን ከባድ ነው። ይህን ሰው እኛ እናውቀዋለን። ሽማግሌ ሲልክ ስለ ልጅቱ ልብ የማይጠይቅ፥ ስለ ዓላማው ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስረዳ ተማሪ በመካከላችን የለምን?

ወደ ህንድ ሳይሆን ወደ እኛ አገር የመጡ የሴይንት ጆን ዓይነት ሰዎችም ነበሩ። ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ሚስዮናውያን በዐድዋ ሲያስተምሩ ቆይተው፥ ትግሬንም ይገዙ የነበሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ1838 ከአገር አስወጧቸው። ጄን ኤይር ሊታተም ዘጠኝ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

መጽሐፉን በክረምት ዕረፍት አምባራስ ይዘነው ሄደን ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር ሆነን ለአክስታችን በአማርኛ እየመለስን እንተርክላቸው ነበር፤ ፊደል አልቆጠሩም። ስለ ሮቸስተር ብዙ የሚደነቁ መስሎን ነበር፤ እርሳቸው ግን ባልን ያለ ፈቃዱ ለገንዘብ ማጋባት ምን አዲስ ነገር አለው ብለው አለፉት። የቆሙት ሌላ ቦታ ነው። የተዘጋባት ሴት ወገን የላትምን ብለው ጠየቁን። ወንድሟ ሜሰን እንዳለ፥ አንድ ሌሊትም ሊጠይቃት መጥቶ ነክሳውና አቁስላው፥ በደንብ ያዙልኝ ብሎ እያለቀሰ እንደ ሄደ ነገርናቸው። አክስታችን ዝም ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ። ከመጽሐፉ ወንዶች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው አሉን፤ እኅቱን በሰው ቤት ተቆልፎባት አይቶ በአራት እግሩ የተመለሰ። የሮቸስተርን ሠርግ ያፈረሰው ሜሰን መሆኑን አስታውሰን ልንከራከር ሞከርን፤ ለሌላይቱ ደርሶ ለእኅቱ አልደረሰም ብለው አፋችንን አስያዙን። እኛ ሦስት ጊዜ አንብበን ሜሰንን እንደ መልእክተኛ ብቻ ነበር የቆጠርነው። በ1966 በካሪብያን ደሴት የተወለደችው ደራሲ ዣን ሪስ ያችኑ ሴት ዋና ባለታሪክ አድርጋ፥ ከወንድሞችና ከባል መካከል እንዴት እንደ ተሸጠች የሚያሳይ ልብ ወለድ አውጥታለች። የአክስታችንን ጥያቄ ሌላም ሰው ጠይቆታል ማለት ነው።

በመጨረሻ ሮቸስተር ቤቱ ሲቃጠል ሚስቱን ሊያድን ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ እርሷ ዘላ ትሞታለች፥ እርሱም አንድ እጁንና ዓይኑን ያጣል። ጄን 20,000 ፓውንድ ወርሳ፥ ከሦስት ዘመዶቿ ጋር እኩል ተካፍላ፥ የራሷ ጌታ ሆና ትመለሳለች። አንዳንዶች ደራሲዋ ወንዱን ለማግባት ሲል አካለ ስንኩል አደረገችው ይላሉ። እኛ ግን በማንቸስተር ጨለማ ክፍል ውስጥ ታስረው የተኙትን የአባቷን ዓይኖች እናስባለን፤ የሮቸስተርም አንድ ዓይን ኋላ ይበራለታል።

የቀረው ሕይወቷ ሐዘን ነው። ብራንዌልና ኤሚሊ በ1848፥ አን በ1849 ሞቱባት። ሸርሊን ጨርሳ ቪሌትን ብቻዋን በዚያ ቤት ጻፈች፤ የኋለኛው ለብረስልስ መምህር የተከፈለ ዕዳ ነው። በወንድ አፍ የጻፈችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ፥ ፕሮፌሰር የተባለው፥ በሕይወቷ ሳለች አሳታሚ አላገኘም። የአባቷ ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስ በ1852 መጨረሻ እየተንቀጠቀጠ ለጋብቻ ጠየቃት፤ አባቷ ተቆጥተው ከለከሉ። በጁን 1854 ግን አገባችው፤ አባቷ ልዳርም አልመጣም ብለው ቤት ቀሩ።

በፌብሩዋሪ 1855 ስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ ድል ሆነው፥ ለራሳቸው ባሠሯት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃዝማች ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በማርች 31፥ ሻርሎት ከነፅንሷ በ38 ዓመቷ ሞተች። ቄስ ፓትሪክ ስድስቱንም ልጆቻቸውን ቀብረው እስከ 1861 ኖሩ፤ በዚያ ቤት የጦራቸው አንድ ጊዜ ልጄን አልሰጥህም ያሉት አማቻቸው ነው።