ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት፤ ቴያትር የደረሱ፣ ከተማ የቆረቆሩ

በአገራችን ታሪክ ብዙ ሰዎች በጦር ሜዳ ባሳዩት ጀግንነት ይታወሳሉ። እውነትን በጨዋታ መልክ ለመናገር የሚደፍር ሰው ግን ድፍረቱ ከጀግናው ያንሳል ማለት አይቻልም። ውድ አንባብያን፤ በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እሳቸውም የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ቴያትር የደረሱ፣ እኛ የምንማርባትንም ከተማ የቆረቆሩ ናቸው። በከተማችን የመሥራችነታቸው ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ የደራሲነታቸው ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ አሳብ የፈለቁ ናቸው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት አገር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ከራስ ጋርም ወደ ዐድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኮንን ሌኦንትየፍ ከሚባለው ሩስያዊ ጋር ወደ ሩስያ ላኳቸው። በዚያም አንድ የሩስያ ቤተሰብ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋቸው፤ በፒተርስበርግም የመድፈኛ መኮንንነትን ትምህርት ተማሩ። ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኋላም እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ስለ እርሻ ተማሩ።

በውጭ አገር ሳሉ ካዩት ነገር አንዱ ቴያትር ነበረ። በአገራችን ቅኔው፣ የአዝማሪው ግጥም፣ ፉከራውና ሽለላው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ተዋንያን የሰውን ጠባይ ተላብሰው በመድረክ የሚጫወቱት የተጻፈ ቴያትር ግን አልነበረም። ስለዚህ ፊታውራሪ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በ1913 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባ ቴራስ በሚባለው ሆቴል መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ታየ።

አውሬዎችን ለምን መረጡ? ነገሩ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሰምና ወርቅን ለምዶታል። በመድረክ ላይ የሚናገረው አውሬ ሰሙ ነው፤ ወርቁን የሚያወጣው ተመልካቹ ራሱ ነው። ጉቦ የሚበላ ሹም፣ ደካማውን የሚገፋ ጉልበተኛ፣ ሥራውን የማያውቅ ባለሥልጣን ስማቸው ሳይጠራ ተነቀፉ። ተመልካቾቹም ወርቁን ለማውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወሬው ከቤተ መንግሥት በደረሰ ጊዜ ንግሥት ዘውዲቱ ቴያትሩን ከለከሉ፤ የታተመውም መጽሐፍ ተሰበሰበ። ከዚህም የተነሣ የአገራችን ቴያትር ገና በተወለደ በማግሥቱ ወደ 10 ዓመት ገደማ ዝም አለ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ አኩርፎ ይቀመጥ ነበር፣ ወይ ማሞገስ ይጀምር ነበር። ፊታውራሪ ግን በመድረክ የነቀፉትን በሥራ ለማረም ተነሡ። በ1910ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ ሕዝብ አገር፣ ቡና የሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። ቀድሞ የአውራጃው ዋና ከተማ ኩኒ ነበረች። እሳቸው ግን አሰበ ተፈሪን ቆርቁረው መቀመጫውን ወደዚህ አዛወሩ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ሲሆን፣ ዛሬ በይፋ የምትጠራው ጭሮ ተብላ ነው። በዚያን ጊዜ ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይኸውም አስተዳደሩና ግብሩ በሹሙ ፈቃድ ሳይሆን በታወቀ ደንብ እንዲመራ ነው። በፋቡላ የተነቀፈው ሹም በጨርጨር እንዳይኖር መታሰቡ ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሥልጣን ወጡ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በይበልጥ እሳቸው ናቸው። የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው አዘጋጁት፤ 55 አንቀጾች ነበሩት። እርግጥ ነው፤ ሕጉ ሥልጣኑን ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ የተወ ነበር፤ የምክር ቤቱንም አባሎች ሕዝቡ አልመረጣቸውም። ቢሆንም ሥልጣን በወረቀት ላይ ተጽፎ እንዲታይ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላም በጄኔቫ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ።

ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር መውጣታቸውን አልደገፉም። ከዚያ በኋላ የስደት ኑሮ ያዙ፤ በማዳጋስካርም ለብዙ ዘመን እያረሱ ኖሩ። ወደ 20 ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ ተመልሰው መኖሪያቸውን በዚሁ በጨርጨር፣ በሂርና አደረጉ። ቀድሞ አውራጃውን የገዙት ሰው በዚያው አውራጃ ገበሬ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። ራሳቸው የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ የታተመው ከሞቱ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የተዘጋውን መድረክ ማን ከፈተው? ይህ ጥያቄ እኛን ተማሪዎችን የሚነካ ነው። ከ1923ቱ የንግሥ በዓል ወዲህ ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ቴያትር እየደረሱ ባቀረቡ ጊዜ የሚጫወቱት የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። የአገራችን ቴያትር የሞተው ትልልቆች ስለ ተቆጡ ሲሆን፣ የተነሣው ልጆች ስለ ተጫወቱት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ በወላጆች ቀን ከሌላ የተቀዳ ሳቅ ብቻ ከሚያሳየን፣ ስለ ገበያችን፣ ስለ ጫት ቤታችን፣ ስለ ቢሮአችን ደጅ ጥናት የራሱን ፋቡላ ቢጽፍ መልካም ነው። ከፊት ወንበር የሚቀመጡትንም አባቶቻችንን በትሕትና የምንለምናቸው አንድ ነገር አለ፤ ወርቁን ባገኙት ጊዜ አይቆጡን። የዚህችን ከተማ መሠረት የጣሉት፣ ቴያትራቸው የተከለከለባቸው ሰው ናቸውና።