ማልኮም ኤክስ፦ ከላንሲንግ እስከ መካ



በጀመዓችን ስለ ማልኮም ኤክስ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከሐጁ ነው። በዚህ እትም ግን ከአንድ የቤት ሰነድ እንጀምራለን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማልኮም ሊትል በ1925 በነብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሩን ከነጩ በትምህርት ቤትና በባቡር የሚለየው የተጻፈ ሕግ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1896 ፈቅዶታል። የማልኮም ቤተሰብ የኖረው ግን በሰሜን ነው። አባቱ ሚሺጋን ውስጥ ላንሲንግ አጠገብ ቤት ገዙ። ሰነዱ ላይ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ነበረና ተከሰሱ፤ ዳኛው እንዲለቁ ፈረደ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1929፣ ቤቱ በእሳት ጋየ።

አባቱ በ1931 ትራም ገጭቷቸው ሞቱ፤ ብዙዎች ነጭ ዘረኞች እንደገደሏቸው ያምኑ ነበር። እናቱ ታመው የአእምሮ ሆስፒታል ገቡ፤ ልጆቹ ተበታተኑ። ማልኮም ግን በትምህርቱ ጎበዝ ነበር። ጠበቃ መሆን እንደሚመኝ ሲናገር መምህሩ ለጥቁር ልጅ እንደማይሆን ነግሮ አናጢነትን መከረው። ይህን ያዘዘ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለደረስነው ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ይህቺ ቦታ ትከብደናለች።

ከዚያ ቦስተንና ኒውዮርክ፣ ስርቆት፣ በ1946 እስር። እስር ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ እየገለበጠ ራሱን አስተማረ። ኔሽን ኦፍ ኢስላምንም ተቀላቀለ፤ የዚህ ድርጅት የዘር ትምህርት ከኢስላም ዐቂዳ ጋር እንደማይገናኝ ልብ ይሏል። በማርች 1964 ተለያቸው፣ በቀጣዩ ወር ሐጅ አደረገ። ቆዳቸው ነጭ ከሆነ ሙስሊሞች ጋር አብሮ በላ፣ አብሮ ሰገደ፤ የቆየ እምነቱንም ከለሰ።

አንዳንዶቻችን ከሐጅ በኋላ ትግሉን እንደተወ እናወራለን። ትክክል አይደለም። የተወው ነጭን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየቱን ነው። በጁን 1964፣ ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አርአያ አድርጎ፣ የአፍሮ አሜሪካውያን አንድነት ድርጅትን አቋቋመ። በጁላይም ካይሮ ሄዶ የአፍሪካ መሪዎች የወገኖቹን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት እንዲያቀርቡለት ጠየቀ።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 ማንሃተን ውስጥ ንግግር ሊያደርግ መድረክ ላይ እንደቆመ፣ በባለቤቱና በልጆቹ ፊት በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 39 ነበር። ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ በስህተት እንደተፈረደባቸው የታመነው በ2021 ነው። ሐጂ ማሊክ በኢስላማዊ ሥርዓት ተከፍኖ ተቀበረ። ባለቤቱ ቤቲ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መንትያ ሴቶች ልጆቹ የተወለዱት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አላህ ይዘንለት።