ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር፦ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ያወደሱ ዓሊም

ከኢፍጣር በኋላ ድቤው ሲመታ፣ ጀመዓውም አዝማቹን ሲቀበል የሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ስም ይታወሳል። ከአርጎባ ወገን የሆኑት እኚህ የወሎ ዓሊም ገና ወጣት ሳሉ፣ በ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተካሄደ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ። ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ። ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ተከታዮቻቸውን አሰባስበው ታገሉ።

ትግላቸው በብዕርም ነበር። የዐረብኛው መንዙማ ፍቺው የሚገባው በአብዛኛው ለተማረው ደረሳ ነው። ሼሁ በአማርኛ ደረሱ፤ በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ጻፉት። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም፣ እናቶችም በቃላቸው ያዙት። በመንዙማ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ዝም ብሎ የሚያይ የለም። ለተበተነ ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ ነቢዩን ﷺ ያስታውሳል፣ በአላህ እዝነት ተስፋ ያደርጋል፣ ብቻውን አለመሆኑንም ከጎኑ በሚሰማው ድምፅ ያውቃል።

ሼህ ጦልሃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ወደ አኼራ ሄዱ። የአማርኛው መንዙማ ግን ዛሬም በመውሊዱና በረመዳን ምሽት ይሰማል። ልጆቻችን አዝማቹን ሲቀበሉ ታሪኩንም እንንገራቸው። አላህ ይዘንላቸው።