የልዑል ዓለማየሁን ፊት ያስቀረችልን ሴት

ያንን ፎቶ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሀገሩን ልብስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ ያደረገ፣ ፈገግታ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የሌለ የሰባት ዓመት ልጅ። የመቅደላ ነገር በተነሳ ቁጥር እዚህ ፌስቡክ ላይ ይዞራል፤ እኛም «አይ ዓለማየሁ!» ብለን አዝነን እናልፋለን። ግን ከካሜራው ኋላ ማን ቆሞ ነበር ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ልዑሉን በዚያ ዘመን ከአንድ በላይ ሰው ፎቶ አንስቶታል። ከነሱ ውስጥ ስሟ ከሁሉም ገንኖ የቀረው አንዲት ሴት ናት፤ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን። ካሜራ በእጇ የገባው በ48 ዓመቷ ነው። ዛሬ የሷን ታሪክ እንጨዋወት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጁሊያ የተወለደችው እንግሊዝ ሀገር ሳይሆን ሕንድ፣ ካልካታ ውስጥ ነው፤ ሰኔ 11 ቀን 1815። አባቷ ጄምስ ፓትል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባለሥልጣን ነበር። እናቷ ደግሞ የፈረንሳይ ዘር ያላት ሴት ናት። እህትማማቾቹ በውበታቸው ከተማው ያወራላቸው ነበር። ጁሊያ ግን በመልክ ከነሱ ጋር አትቆጠርም ነበር ይባላል። ዕድሜዋን ሙሉ ውበትን ስታሳድድ የኖረችው ምናልባት በዚህም ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ያደገችው በአብዛኛው ፈረንሳይ፣ አያቷ ዘንድ ነው።

ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ታማ ለማገገም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ ሄደች። የሕይወቷን መንገድ የወሰኑትን ሁለት ሰዎች ያገኘችው እዚያ ነው። አንዱ ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ሄርሼል ናቸው። ፎቶግራፍ ከብርሃን ብዛት ጠቁሮ እንዳይጠፋ የሚያጸናውን ኬሚካል ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው፤ የፎቶግራፍንም ወሬ በደብዳቤ ለጁሊያ የነገሯት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው በ20 ዓመት የሚበልጣት የሕግ ሰው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ነው። በ1838 ካልካታ ላይ ተጋቡ። በ1848 ባልየው ጡረታ ሲወጣ ልጆቻቸውን ይዘው እንግሊዝ ገቡ። በ1860 ደግሞ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ፣ ፍሬሽወተር መንደር ቤት ገዙ። ጎረቤታቸው ባለቅኔው ቴኒሰን ነበር። ቤቱን ዲምቦላ አሉት፤ በሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ባላቸው የቡና እርሻ ስም።

ቻርልስ ልቡ ሁሌ ያ ቡና ጋ ነበር። አንድ ጊዜ እሱም ወንዶቹ ልጆችም ለሥራ ርቀው ሄዱና ጁሊያ ብቻዋን ቀረች። ያኔ ሴት ልጇና አማቿ ብቸኝነቷን ቢያስረሳልን ብለው ስጦታ ሰጧት። ታኅሣሥ 1863 ነበር፤ ስጦታው ካሜራ ነው። እነሱ መዝናኛ ይሁናት ብለው ነው እንጂ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል ብለው አላሰቡም።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት እንደዛሬው ስልክ አውጥቶ ቀጭ ማድረግ አይደለም። መጀመሪያ ትልቅ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ እኩል ይፈስበታል። ከዚያ ሰሌዳው ጨለማ ውስጥ በብር ናይትሬት ይነከራል። እርጥብ እንዳለ ካሜራ ውስጥ ይገባል፣ እርጥብ እንዳለ ፎቶ ይነሳበታል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ከደረቀ አለቀ፣ ከሀ መጀመር ነው። ብር ናይትሬቱ ደግሞ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ጣት፣ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ። የሀብታም ቤት እመቤት ሆና ሳለ እጇ ጠቁሮ ነበር የምትውለው።

ጁሊያ የከሰል ማስቀመጫውን ቤት ጨለማ ክፍል አደረገችው። ዶሮዎቹን አስወጥታ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። ብዙ መስታወት ካበላሸች በኋላ ጥር 1864 ላይ አኒ የምትባል የጎረቤት ልጅን አነሳችና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳካላት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ፎቶውን የሠራችው ልጅቷ ትመስል፣ ለአኒ የምትሰጠው ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ስታምስ ዋለች።

አሁን ወደ ሌንሱ እንምጣ፣ ምክንያቱም የፎቶ አፍቃሪዎች ስለሷ ዛሬም የሚከራከሩት በሱ ነው። የመጀመሪያው ሌንሷ ዣማን የሚባል የፓሪስ ሥራ ሲሆን፣ አሠራሩ ፔትዝቫል በሚባለው ንድፍ ነው። ዮዜፍ ፔትዝቫል የቪየና የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1840 ንድፉ ሲወጣ ከዚያ በፊት ከነበሩት በብዙ እጥፍ የበለጠ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ሆነ፤ ኤፍ 3.6 ገደማ። ከዚያ በፊት ሰው ሳይንቀሳቀስ ደቂቃዎች መቀመጥ ነበረበት፣ በሱ ሌንስ ትንንሽ ሰሌዳ ላይ ወደ ሴኮንዶች ወረደ። የፊት ፎቶ ገበያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌንሱ ግን አመል አለው። መሐሉ ላይ ጥርት ይላል፣ ወደ ዳር ሲወጣ ይደበዝዛል፣ ይሟሟል። ዓይን ላይ ካነጣጠራችሁ ጆሮው ብዥ ይላል። ሌላው ፎቶ አንሺ ይሄንን ለማጥፋት ይለፋ ነበር፤ ሌንሱን አጥብቦ፣ ሁሉን ነገር ከአዝራር እስከ ጫማ ጥርት አድርጎ ያሳያል። እሷ ተቃራኒውን አደረገች። ፎኩሱን በእጇ እያዞረች፣ ዓይኗ ውብ ነው ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ እዚያው አቆመች። ጥርት እስኪል አልጠበቀችም። በኋላም የበለጠ ትልቅ ካሜራና ሌላ ሌንስ ስትገዛ ይቺን ልማዷን አልተወችም። ፊት ብቻ፣ ቅርብ፣ ትልቅ። ዛሬ በስልካችን ፖርትሬት ብለን ከኋላ ያለውን የምናደበዝዘው፣ አሮጌ የእጅ ሌንስ ፈልገው የሚገዙ ልጆችም የሚያሳድዱት ያንኑ ነገር ነው።

ብርሃኑም እንደዚያው። የከተማው ፎቶ ቤቶች ከላይም ከጎንም መስታወት አድርገው ብርሃኑን እኩል ያፈሱታል። ፊቱ ጥላ የሌለበት ሜዳ ይሆናል። እሷ መጋረጃ እየጎተተች ከአንድ ወገን ብቻ ታስገባዋለች። ብርሃኑ የሚያርፍበት ግንባርና ጉንጭ ይነጣል፣ ቀሪው ጨለማ ውስጥ ይሰምጣል። ብርሃኑ ስላነሰ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል፤ ተነሺው ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው የውሸት ፈገግታ ይዞ መቆየት አይችልም። ፊቱ ወደ ራሱ ይመለሳል። የሷ ፎቶዎች ምስጢር ግማሹ ይሄ ይመስለኛል።

የሙያ ሰዎቹ ግን አልወደዱላትም። በ1865 የለንደን ፎቶግራፈሮች መጽሔት ሥራዋን አብጠለጠለው። ብዥታው፣ የጣት አሻራው፣ የኬሚካል ፍሳሹ፣ የተሰነጠቀው መስታወት፣ ሁሉም እንደ ስንፍና ተቆጠረባት። እሷ ግን ወይ ፍንክች! በዚያው ዓመት የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም (የዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት) ፎቶዎቿን ገዝቶ አሳየ። በ1868 ደግሞ ስቱዲዮ ይሆናት ዘንድ ሁለት ክፍል ሰጣት። ሥራዎቿን አንድ በአንድ በባለመብትነት እያስመዘገበች ትሸጥ ነበር። የቡናው እርሻ ገንዘብ እየበላ ስለነበር ገቢው ያስፈልጋት ነበር።

ከፊቷ ያልተቀመጠ ታላቅ ሰው ጥቂት ነው። ቴኒሰን፣ ካርላይል፣ ቻርልስ ዳርዊን ተቀምጠዋል። ወዳጇን ሄርሼልን በ1867 ስታነሳቸው ነጩን ጸጉራቸውን አስታጥባ፣ በብርሃኑ እንዲያበራ አንጨባርራ ነው። ግን ታላላቆቹን ብቻ አይደለም። የቤት ሠራተኞቿን፣ የመንደሩን ልጆች፣ በር ያንኳኳውን ሁሉ ታስቀምጥ ነበር። ሜሪ ራያን የምትባል አየርላንዳዊት ልጅ ከእናቷ ጋር ስትለምን አግኝታት ቤቷ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ፎቶ አነሳቻት። አንድ ወጣት የሜሪን ፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ አየና ልቡ ተሰረቀ። በ1867 አገባት። ይሄ ሰው በኋላ ሰር ሄንሪ ኮተን ተባለ፤ የለማኟም ልጅ እመቤት ኮተን ሆነች።

እንግዲህ ወደ እኛ ልጅ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጃቸውን ለእንግሊዝ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። እቴጌ ጥሩወርቅና ትንሹ ዓለማየሁ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። እቴጌይቱ ግን ባሕሩን ሳያዩ ግንቦት ላይ መንገድ ላይ አረፉ። በአንድ ወር ገደማ አባትም እናትም። ልጁ ለካፒቴን ስፒዲ ተሰጠ። ቁመቱ 2 ሜትር የሚጠጋ፣ ቀድሞ የቴዎድሮስን ወታደሮች ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ነው። የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ሐምሌ ላይ እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያችው በዋይት ደሴት፣ ኦዝቦርን ባለው ቤታቸው ልጁን ተቀበሉት። የጁሊያ ቤትም እዚያችው ደሴት ላይ ነው።

እናም ዓለማየሁ ካሜራው ፊት ተቀመጠ። ባሻ ፈለቀም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሳ። ልጁን ብቻውንም አነሳችው። ፎቶው ላይ ስሙን ከነማዕረጉ ደጃዝማች ዓለማየሁ ብላ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑን ጨምራ ጻፈች።

እዚህ ጋ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ኮሎዲዮን ለሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው የሚነቃው። ነጭ ልብስ ቶሎ ያበራበታል፣ ከበዛም ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ ጠይም ፊት ግን ከእውነቱ በላይ ይጠቁርበታል። ለልብሱ ካላችሁ ፊቱን ታጣላችሁ፣ ለፊቱ ካላችሁ ልብሱ ይቃጠላል። ፎቶ አንሺው ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥበት መምረጥ አለበት። ጁሊያ ደግሞ ሁልጊዜም ፊት የምትመርጥ ሰው ናት። የዓለማየሁ ዓይን ዛሬ ድረስ የሚያየን ለዚህ ነው።

ግን ነገሩን አናስውበው። ያ ልጅ ፎቶ እንዲነሳ ማን ጠየቀው? እናቱ ከሞቱ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ሀገሩ እንግሊዝኛ በማያውቅ ልጅ አፍ ውስጥ ብቻ የቀረች ናት። ፎቶውም ሕዝቡ የመቅደላን ወሬ በሚጠጣበት ሰሞን የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ያ ጦር ከመቅደላ ታቦት፣ ብራና፣ ዘውድ ጭኖ ነው የሄደው፤ ልጁም ከነሱ ጋር እንደ ብርቅ ነገር የታየበት ጊዜ ነው። ጁሊያ ደግ ሴት ነበረች፣ ለእናት አልባ ልጆች ቤቷ ክፍት ነበር። ደግነቷና ግዛቱ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፣ በአንድ ብርሃን። ሁለቱንም ማየት ያለብን ይመስለኛል።

በ1875 ካሜሮኖች ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሲሎን፣ ወደ ቡናቸው ሄዱ። እዚያ ሬሳ ሣጥን አይገኝ ይሆናል ብለው ሁለት ሣጥን ይዘው፣ ውስጡን በዕቃ ሞልተው ነው የተጓዙት ይባላል። እዚያም የሀገሬውን ሰዎች ፎቶ አነሳች፣ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነላትም። በ12 ዓመት ከ1,000 በላይ ፎቶ ሠርታ ጥር 26 ቀን 1879 እዚያው አረፈች። ባሏ በዓመቱ ተከተላት።

በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በሳንባ ሕመም ሞተ። ዓለማየሁ ነው። ፎቶ አንሺዋና ተነሺው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለቱም ከተወለዱበት ርቀው። እሷ ግን ወዳ ሄዳ ነው።

ዓለማየሁ ዛሬም ዊንዘር ግቢ ነው። አጽሙ እንዲመለስ ቢጠየቅም በ2023 ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። በዚያው ዓመት የጸጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ከሱ እጃችን የገባው ያቺ ዘለላና እነዚህ ፎቶዎች ናቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶው ሲዞር ስታዩ ቶሎ አትለፉት። ጥቂት ደቂቃ ስጡት፤ እሱም ያኔ ደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ተቀምጧል።

ነፍሱን በገነት ያኑርልን።